ከፍ ባለ ፍጥነት የሚንቀጠቀጥ መኪና፦ ጥፋቱን ደረጃ በደረጃ ለማግኘት

አዳማ ከተማ ውስጥ በ40 እና በ50 ሲነዳ ምንም የማይሰማበት መኪና፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን የፈጣን መንገድ የክፍያ ጣቢያ አልፎ 90 ሲደርስ መሪው እጅ ላይ መርገብገብ ይጀምራል። 100 ላይ ይብሳል፤ 115 ሲያልፍ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ጭራሽ ይጠፋል። ባለቤቱ በማግስቱ ጋራዥ ሄዶ «መኪናዬ ይንቀጠቀጣል» ይላል። መካኒኩ በከተማው መንገድ አንድ ዙር ይነዳዋል፤ በዚያ ፍጥነት ምንም ስለማይሰማው ይገምታል። መጀመሪያ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል)፣ ቀጥሎ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ ክብ መጋጠሚያ)፣ ቀጥሎ አሞርዛተር (የመኪናውን መንጠር የሚያረግበው) ይባላል። ገንዘቡ ያልቃል፤ መንቀጥቀጡ ግን ባለበት ነው።

ግምት የሚመጣው ባለቤቱ በቂ ነገር ይዞ ስለማይሄድ ነው። ንዝረት ከየት እንደመጣ ራሱ ይናገራል፤ በስንት ፍጥነት እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ፣ በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚሰማ፣ ነዳጅ ሲሰጡ ወይም ፍሬን ሲይዙ ይለወጥ እንደሆነ፣ ከምን በኋላ እንደጀመረ። እነዚህን አራት ነገሮች ሳያውቁ አንድም ዕቃ አይግዙ። ቀጥሎ ያለው አሠራር ከነጻውና ከርካሹ ተነስቶ ወደ ውዱ የሚሄድ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ሳይዘሉ ይሂዱበት።

ከሁሉ በፊት፦ መንዳት የሌለብዎት ጊዜ

ለወራት የቆየና ያልተለወጠ ንዝረት ለመመርመር ጊዜ ይሰጣል። ድንገት የጀመረ፣ በየደቂቃው እየባሰ የሚሄድ፣ «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ያለው ወይም መኪናውን ወደ አንድ ጎን የሚስብ ንዝረት ግን ጊዜ አይሰጥም። የጎማ ብሎን ላልቶ ወይም ጎማው ውስጡ ተሰንጥቆ ሊፈነዳ ተቃርቦ ሊሆን ይችላል። ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ፍሬኑን በድንገት አይርገጡ። የአደጋ መብራት አብርተው ወደ ቀኝ ጠርዝ ይውጡ። ተሳፋሪዎችን ከመኪናው አውጥተው ከመንገዱ ያርቋቸው። ከዚያ የአራቱንም ጎማ ብሎኖች በመፍቻ ይፈትሹ፤ የጎማውን ጎንም ለእብጠት ይመልከቱ። እብጠት ካዩ በትርፍ ጎማው ሳይቀይሩ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይንዱ።

ለምን በ90 እና በ110 መካከል?

ይህን ማወቅ ምርመራውን ያቀለዋል። በብዙ ኮሮላዎች ላይ የሚገኘው 195/65 አር 15 ጎማ አንዴ ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ ወደ 14 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በቸርኬው አንድ ጎን 30 ግራም ብቻ ትርፍ ክብደት ካለ፣ በወንጭፍ ጫፍ እንዳለ ድንጋይ በየዙሩ ወደ ውጭ ይጎትታል። በ50 ኪሎ ሜትር ጉተታው አንድ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነው፤ በ100 ግን ወደ አራት ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናልና። ከተማ ውስጥ ምንም ያልተሰማው ለዚህ ነው።

ጎማው፣ ሞላውና አሞርዛተሩ ደግሞ በተፈጥሯቸው በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ መርገብገብ ይቀናቸዋል። የጎማው ዙር ከዚህ ጋር ሲገጥም ንዝረቱ ይጎላል፤ ሲያልፈው ይቀንሳል። ስለዚህ «ፍጥነት ስጨምር ይጠፋል» የሚል ሰው ጥፋቱ ጎማ አካባቢ መሆኑን እየተናገረ ነው። በፍጥነት እያለፉ ንዝረቱን ማምለጥ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ጉተታው አልቀረም፣ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚዞርበትን ቤሪንግ) እና የመሪ መጋጠሚያዎችን መምታቱን ይቀጥላል።

ደረጃ 1፦ ሳይነዱ በዓይንና በእጅ

ጠዋት፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ይጀምሩ። የጎማ ንፋስ መለካት ያለበት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ግን ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ በእሱ አይሙሉ። የአዳማ ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ ይጠቅማል፦ አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር አካባቢ፣ አዳማ በ1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በልክ የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ አዳማ ሲለካ አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ያህል ያንሳል። የሚነዱት በአብዛኛው እዚህ ከሆነ ልኩን እዚህ ይያዙ። ንፋስ ያነሰው ጎማ በአዳማ ሙቀት ላይ ረጅም መንገድ ሲሄድ ከልክ በላይ ይግላል፤ ውስጡ የሚሰነጠቀውም እንዲህ ነው።

ቀጥሎ ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ይመልከቱ። ከውጭ የታጠበ መኪና ከውስጥ አይታጠብም። በክረምት በወንጂ በኩል ወይም በሞጆ ዙሪያ ባለው ዋልካ አፈር ውስጥ ያለፈ ጎማ፣ በቸርኬው የውስጥ ከንፈር ላይ እንደ ግንብ የደረቀ ጭቃ ይይዛል። ጭቃው ሲደርቅ በአንድ በኩል ይረግፋል፣ በሌላ በኩል ይቀራል። ጭብጥ የማይሞላ ደረቅ ጭቃ ከ30 ግራም ብዙ እጥፍ ይመዝናል። ንዝረቱ ጭቃ መንገድ ከሄዱ በኋላ የጀመረ ከሆነ መጀመሪያ ቸርኬውን ከውስጥ በውኃና በብሩሽ አስጠርገው ይንዱት፤ ብዙ ሰው ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቅለታል።

አሁን መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ቀስ አድርገው ያስሂዱ፤ የወጣ የሽቦ ጫፍ እጅ ስለሚቆርጥ ጓንት ያድርጉ። አንድ ጊዜ በዙሩ አቅጣጫ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከጎን ወደ ጎን፣ ከውስጥ ወደ ውጭና ከውጭ ወደ ውስጥ። ከጎን ወደ ጎን ሲያስሂዱ በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ሻካራ ከሆነ አላይመንቱ ለረጅም ጊዜ ተበላሽቶ ቆይቷል። በዙሩ አቅጣጫ እየጎደጎደና ከፍ እያለ የሚሄድ ከሆነ አሞርዛተሩ ደክሟል ወይም ጎማው ለብዙ ጊዜ ባላንስ (ክብደቱ በዙሪያው እኩል እንዲሆን ማመጣጠን) ሳይደረግ ተነድቷል። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥርሱ ወደ ጎን የተጣመመ ወይም ከፍ ያለ ከሆነ፣ ከጎማው ውስጥ ያለው የሽቦ ቀበቶ ተለያይቷል። ይህን ጎማ የትኛውም ባላንስ አያድነውም፤ መጣል አለበት።

የተመረተበትንም ጊዜ ያንብቡ። በጎማው ጎን ዶት (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ባለው ተከታታይ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ። 3518 ማለት በፈረንጆች 2018 ዓመት 35ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የአቆጣጠሩን ልዩነት ዘንግቶ 2018 የሚለውን አኃዝ እንደ ኢትዮጵያ ዘመን የሚያነብ ገዢ ያረጀውን ጎማ አዲስ ነው ብሎ ይገዛል። ጎማ አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም ከ10 ዓመት ያለፈውን እንዳይጠቀሙ፣ ከ5 ዓመት ወዲያ ደግሞ በየዓመቱ እንዲያስመረምሩ ይመክራሉ። ጥርሱ ያላለቀ ነገር ግን ጎኑ በቀጫጭን ስንጥቆች የተሞላ ያገለገለ ጎማ በርካሽ ተገዝቶ በፈጣን መንገድ ላይ መነዳቱ በእውነት ያሳስበኛል።

በመጨረሻ ብሎኖቹን ይፈትሹ። ለብዙዎቹ ትንንሽ ቶዮታዎች የሚመከረው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም 40 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 25 ኪሎ ያህል ተጭኖ እንደማጥበቅ ነው። በእግር ተረግጦ በላዩ ላይ መዝለል አያስፈልግም። ከልክ በላይ የጠበቀ፣ አንዱ ከሌላው ያልተመጣጠነ ብሎን የፍሬን ዲስኩን ያጣምማል።

ደረጃ 2፦ በመንገድ ላይ መፈተን

ለዚህ ፈተና የፈጣን መንገዱ ተመራጭ ነው፤ አስፋልቱ ለስላሳ ስለሆነ የመንገዱን መንገጫገጭ ከመኪናው መንቀጥቀጥ ጋር አያምታቱም። ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ መውጫ ወጥቶ መመለስ ይበቃል። አብሮዎት ሰው ይዘው ይሂዱ፤ የሚጽፈው እሱ ይሁን፣ የእርስዎ ሥራ መንዳት ብቻ ነው። ከተለጠፈው የፍጥነት ወሰን አይለፉ፤ በመንገዱ ላይ ለሙከራ አይቁሙ።

ከ60 ጀምረው በየአሥሩ ኪሎ ሜትር ጥቂት ሰከንድ በአንድ ፍጥነት ይቆዩ። መሪውን አጥብቀው አይያዙት፤ የጨበጠ እጅ ንዝረቱን ይውጠዋል። ሁለቱንም እጅ ሳይለቁ ጣቶችዎን ላላ ያድርጉ። ንዝረቱ የጀመረበትን፣ የባሰበትንና የጠፋበትን ፍጥነት ያስመዝግቡ። ከዚያ በባሰበት ፍጥነት ላይ ሆነው የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይሞክሩ።

እግርዎን ከነዳጅ ላይ ያንሱ። ንዝረቱ ወዲያው ከቆመና ነዳጅ ሲሰጡ ከተመለሰ፣ ጥፋቱ ኃይል ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ጎማ በሚሄድበት መስመር ላይ ነው። ካልተለወጠ ጎማና ቸርኬ ላይ ያተኩሩ።

በእጅ ማርሽ የሚሠራ መኪና ከሆነ፣ በዚያው ፍጥነት ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ ይቀንሱ። የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ የጎማው ዙር ግን ያው ነው። ንዝረቱ ሳይለወጥ ከቀጠለ ሞተሩ ነጻ ነው፤ ከተለወጠ ወይም ወደ ሌላ ፍጥነት ከሸሸ ወደ ሞተሩና ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር ወደሚያስሩት ላስቲኮች (ሱፖርቶ) ይመልከቱ። አውቶማቲክ ከሆነ በጉዞ ላይ ዜሮ ማርሽ ከማስገባት ይቆጠቡ። ንዝረቱ የባሰበትን የሞተር ዙር አስመዝግበው፣ ቤት ደርሰው መኪናው ቆሞ በፓርክ ላይ እያለ እስከዚያው ዙር ድረስ ነዳጅ ይስጡት። ቆሞም ከተንቀጠቀጠ ጎማ መፈተሹን ይተዉት።

መንገዱ ባዶ ሲሆን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ረድፍ ይቀይሩ። የሚያጉረመርም ድምፅ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ከጨመረ የግራውን ኩሽኔታ ይጠርጥሩ፤ ወደ ግራ ሲሆን የቀኙን። ክብደቱ ወደ ውጭው ጎን ስለሚጫን ነው።

ወደ አዳማ ሲመለሱ የክፍያ ጣቢያው ከመድረሱ በፊት ፍጥነት መቀነስዎ ስለማይቀር፣ ፍሬኑ የሚፈተነው እዚያ ነው። ከኋላ የቀረበ መኪና አለመኖሩን በስፖኪዮ አይተው ፍሬኑን በለስላሳው ይያዙ። እስከዚያ ሰላም የነበረ መኪና ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ባላንስ አያስፈልገውም፤ ዲስክ ነው።

ስለ አዳማ ነፋስ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ዳር የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 ሜጋ ዋት ያለው አዳማ 1 እና 153 ሜጋ ዋት ያለው አዳማ 2፣ እዚያ የተተከሉት ነፋሱ የሚያወላውል ስላልሆነ ነው። ይኸው ነፋስ ቀላልና ከፍ ያሉ መኪኖችን በጎን ሲመታ ሾፌሩ መንቀጥቀጥ ይመስለዋል። ልዩነቱ ምቱ ላይ ነው፤ ነፋስ አንዴ ገፍቶ አንዴ ይተዋል፣ የጎማ ንዝረት ግን ሳያቋርጥ በእኩል ምት ይመታል። ፈተናውን ነፋሱ ጋብ ባለበት ጠዋት ቢያደርጉት ጥርጣሬ አይኖርም።

ደረጃ 3፦ የተጻፈውን ማንበብ

መሪው ላይ የሚሰማ ንዝረት ከፊት ጎማዎች ነው። በወንበሩ፣ በወለሉ ወይም በኋላ ተሳፋሪው ጀርባ የሚሰማ ደግሞ ከኋላ ጎማዎች፣ ወይም የኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ከፕሮፔለር ሻፍቱ (ከካምቢዮ ወደ ኋላ ኃይል ከሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ)። ከ85 ጀምሮ 100 አካባቢ የሚብስና ከዚያ የሚቀንስ ከሆነ ባላንስ ነው ብለው ይነሱ። በ30 እና በ40 ላይም መኪናው ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ጎማው ቅርጹን ስቷል ወይም ቸርኬው ተጣሟል። ነዳጅ ሲሰጡ ብቻ ከሆነ አክስል (ከካምቢዮ ወደ ጎማ ኃይል የሚወስደው ዘንግ)፤ ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከሆነ ዲስክ ወይም ታምቡር (ከበሮ መሰሉ የፍሬን ክፍል)። እየጨመረ የሚሄድ ማጉረምረም ካለው ኩሽኔታ። እንደ መንቀጥቀጥ ሳይሆን እግር ሥር እንደሚነዝር ደቃቅ ነገር ከተሰማ የሚዞረው ነገር ከጎማ ይልቅ ፈጣን ነው፤ ፕሮፔለር ሻፍት ከጎማው አራት እጥፍ ያህል ስለሚዞር በ100 ላይ በሰከንድ ከ50 ጊዜ በላይ ይመታል።

አላይመንት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የቀረውም ሆን ተብሎ ነው። አላይመንቱ የተበላሸ መኪና ወደ ጎን ይስባል፣ ጎማ ይበላል፣ መሪው ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። የተበላው ጎማ ከጊዜ በኋላ መኪናውን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን የሚቀየረው ጎማው ነው፣ አላይመንት ብቻውን ንዝረቱን አያቆመውም።

ደረጃ 4፦ ባላንስን በትክክል ማስደረግ

«ባላንስ አስደርጌ ነበር፣ ለውጥ የለውም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ባላንሱ ተደርጓል፤ በትክክል ግን አልተደረገም። ጎሚስታው ጋ ቁጭ ብለው ከሚጠብቁ የባላንስ ማሽኑ አጠገብ ይቁሙ፤ ደንበኛው እየተመለከተ መሆኑ ነውር የለበትም።

መጀመሪያ የድሮው እርሳስ (ክብደት ለማመጣጠን ቸርኬው ላይ የሚመታው ብረት) ሁሉ መነሳት አለበት። ከዚያ ቸርኬው ከውስጥ ይጠረጋል፤ ጭቃ ያለበትን ጎማ መመዘን ጭቃውን ባላንስ ማድረግ ነው፣ ጭቃው በረገፈ ማግስት ንዝረቱ ይመለሳል። በጥርሱ መካከል የተሰካ ጠጠርም ይወገዳል። ቀጥሎ ጎማው ማሽኑ ላይ ሲታሰር የሚይዘው ሾጣጣ ብረት በቸርኬው መሃል ቀዳዳ ልክ መቀመጥ አለበት። ትልቅ ወይም ትንሽ ሾጣጣ ከገባ ጎማው መሃሉን ስቶ ይዞራል፤ ማሽኑም የሌለ ጥፋት ይለካል። የቸርኬው ስፋት፣ ዲያሜትርና ከማሽኑ ያለው ርቀት ተለክቶ ይገባል፤ ካለፈው ደንበኛ የቀረ ቁጥር ላይ ማስዞር ዋጋ የለውም።

እርሳሱ ከውስጥም ከውጭም ከተመታ በኋላ እንደገና ይሽከረከርና በሁለቱም በኩል ዜሮ ማሳየት አለበት። አሁን ጎሚስታውን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «ጎማውን ማሽኑ ላይ ፈተህ ግማሽ ዙር አዙረህ እሰረውና ድጋሚ አስዙርልኝ።» ዜሮው ወይም ከ10 ግራም ያልበለጠ ልዩነት ከታየ አሠራሩ ትክክል ነው። በአንዴ 25 ወይም 30 ግራም ካሳየ ጎማው መሃል ላይ አልታሰረም፣ የቀድሞው ዜሮም ውሸት ነበር። ይህ ፈተና ሁለት ደቂቃ አይወስድም፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ቢኖር ይህን ቢወስድ እመርጣለሁ።

ጎማው በሚዞርበት ጊዜ ደግሞ ማሽኑን ሳይሆን ጎማውን ይዩ። ከጎን ሆነው የጥርሱን ጠርዝ ከኋላው ካለ ቋሚ ነገር ጋር ያስተያዩ። ከፍ ዝቅ የሚል ወይም ወደ ጎን የሚወላገድ ከሆነ ዜሮ ቢያሳይም መንገድ ላይ ይመታል። ለትንሽ መኪና ጎማ ማሽኑ ከ100 ግራም በላይ እርሳስ ከጠየቀ አይቀበሉ። ንፋሱ ወጥቶ ጎማው በቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር ይዙርና እንደገና ይለካ፤ የጎማው ከባድ ጎን ከቸርኬው ከባድ ጎን ጋር ተደራርቦ ሊሆን ይችላል። አዲስ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ ከቫልቮላው ጋር ማገጣጠም ብዙ ጊዜ እርሳሱን ይቀንሳል።

አራቱም ጎማ ይደረግ። ሁለቱን የፊት ብቻ ማስደረግ ገንዘብ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ጎማ በተቀያየረ ቀን ግን ንዝረቱ ከኋላ ወደ ፊት ይመጣል።

ከመኪናው ጋር ያልመጣ ቸርኬ

ለውበት የተቀየረ የአሉሚኒየም ቸርኬ ለብቻው መነሳት አለበት። ብዙ አሮጌ ኮሮላዎችና ቪትዞች ላይ ጎማው የሚታሰርበት እምብርት 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው ቸርኬ ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን መሃሉ ሰፋ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ በመካከሉ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ከሌለ ቸርኬው የሚንጠለጠለው በብሎኖቹ ብቻ ይሆንና መሃሉን ይስታል። እንዲህ ያለ መኪና ማሽኑ ላይ ዜሮ ያሳያል፣ መንገድ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጎማው በተፈታና በታሰረ ቁጥርም ንዝረቱ ይለያያል። መድኃኒቱ ልኩ የሆነ ቀለበት ነው። የብሎኑም መቀመጫ ከቸርኬው ጋር መግጠም አለበት፤ ሾጣጣ ብሎን ለሾጣጣ ቀዳዳ፣ ባለ ጠፍጣፋ ማረፊያ ብሎን ለጠፍጣፋ። ሲታሰር ጎማው መሬት ሳይነካ ብሎኖቹ በእጅ ይገቡና በተሻጋሪ ይጠብቃሉ፤ ጎን ለጎን ተራ በተራ ማጥበቅ ቸርኬውን ያዘነብለዋል።

ደረጃ 5፦ ማቀያየር

ባላንሱ ትክክል ሆኖ ንዝረቱ ካልጠፋ የፊቶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት በዚያው ጎን ያዛውሩና ያንኑ መንገድ ይንዱ። ንዝረቱ ከመሪው ወደ ወንበር ከሸሸ ከጎማዎቹ ወይም ከቸርኬዎቹ አንዱ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ በደህና ትርፍ ጎማ ይተኩ፤ ትርፉ ልኩ እኩል መሆኑን ያረጋግጡ፣ ለጊዜያዊ አገልግሎት የተሠራ ቀጭን ጎማ ለዚህ አይሆንም። ንዝረቱ ከመሪው ካልተነቃነቀ ጎማው ነጻ ወጥቷል፤ ወደ መኪናው አካል ይሂዱ።

ደረጃ 6፦ መኪናውን አንስቶ መፈተሽ

ደልዳላ መሬት ይምረጡ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ በማይነሳው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ያስደግፉ። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመሸከም አይደለም፤ የብረት ማቆሚያ ሳያስገቡ ከሥር አይግቡ።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡና ይግፉት። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝልዎት፤ ፍሬን ሲያዝ እንቅስቃሴው ከጠፋ ኩሽኔታ፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲወዘውዙ ከተንቀሳቀሰ የመሪ ዘንግ መጋጠሚያ ነው። ከዚያ በአንድ እጅ ጎማውን እያዞሩ ሌላውን እጅ በሞላው ላይ ያሳርፉ፤ የተበላ ኩሽኔታ እንደ አሸዋ የሚሻክር ስሜት በሞላው በኩል ለጣት ያስተላልፋል፣ ጆሮ ባይሰማውም። አዲስ ኩሽኔታ ሲገዙ የአሮጌውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ።

የቸርኬ መጣመምን ለማየት አንድ ካቻቢቴ በድንጋይ ላይ ከቸርኬው ከንፈር አጠገብ ሳያስነኩ ያስደግፉና ጎማውን ያዙሩ። ክፍተቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ከተለዋወጠ ቸርኬው ተጣሟል። የውስጡንም ከንፈር እንዲሁ ያድርጉ፤ ጉድጓድ የሚመታው ብዙ ጊዜ ውስጡን ነው።

ጎማ ካልሆነ

ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ንዝረት መነሻው የዲስኩ ውፍረት በየቦታው መለያየቱ ወይም ዲስኩ እየተወላገደ መዞሩ ነው። በብዙ መኪኖች የሚፈቀደው መወላገድ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ በመለኪያ ነው። ቶርኖ ቤት ከማስላጥ በፊት በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት ያስለኩ፣ ከዚያ በታች የሚያወርደው ከሆነ ይቀየር። ዲስኩ የሚያርፍበት እምብርት ላይ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ካልተጠረገ አዲሱም ዲስክ ከሳምንታት በኋላ እንደ አሮጌው ይሆናል። መሪው ሳይንቀጠቀጥ ፔዳሉና ወንበሩ ብቻ ከመቱ የኋላውን ታምቡር ያስፈትሹ።

ነዳጅ ሲሰጡ መኪናው ፊቱን ግራና ቀኝ የሚያወዛውዝ፣ ሲለቁ የሚረጋ ከሆነ በካምቢዮው በኩል ያለው የአክስሉ ውስጠኛ ሲቪ ጆይንት (መታጠፊያ መጋጠሚያ) ተበልቷል። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ መንገዱ በጠቅላላው ስለሚወጣ ይህ ጥፋት ሲሄዱ ጎልቶ፣ ሲመለሱ ደብዝዞ ይሰማል። የውጪው ጆይንት ከሆነ ግን መሪ ተጠምዝዞ ሲዞር «ቀጭ ቀጭ» ይላል። የጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ቅባቱ በቸርኬው ውስጥ ተረጭቶ ካዩ ብዙም አይመራመሩ፤ ጥፋቱ እሱ ነው።

ሃይሉክስ፣ ሚኒባስና አይሱዙ የሚነዱ ሰዎች ከሥር ያለውን ፕሮፔለር ሻፍት ይመልከቱ። ክሮቼራውን (የዘንጉን መስቀልያ መጋጠሚያ) በእጅ ይወዝውዙ፤ መካከለኛውን ኩሽኔታ የያዘውን ላስቲክ ለስንጥቅ ይዩ፤ ዘንጉ ላይ በድንጋይ የተመታ ጎድጓዳ ወይም የወደቀ የሚዛን ብረት ምልክት ይፈልጉ። ሲፈታ ሁለቱም ጫፍ ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎ በነበረበት አቅጣጫ መመለስ አለበት። ክሮቼራ ከተቀየረ በኋላ የጀመረ ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ዞሮ በመገጠሙ ነው።

በትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ፣ ፍጥነት ሲይዝ የሚሻለው መኪና ደግሞ የሞተር ሱፖርቶ ወይም ካንዴላ ጉዳይ ነው።

አሁን በብዛት የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች የሞተር ድምፅ ስለሌላቸው ትንሹ ንዝረት ይጎላባቸዋል። መንስኤው ከላይ ካለው አይለይም፤ ነገር ግን ከባድ ስለሆኑ የጎማው የመሸከም አቅም ቁጥር ከመጀመሪያው ጎማ ማነስ የለበትም። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነም ክሪክ የሚገባው በተመለከተው ነጥብ ላይ ብቻ ነው።

ጋራዥ ሲገቡና ሲወጡ

«ይንቀጠቀጣል» በማለት ፋንታ እንዲህ ይበሉ፦ «ከ88 ይጀምራል፣ 102 ላይ ይብሳል፣ መሪ ላይ ነው፣ ነዳጅ ብለቅም አይለወጥም፣ ፍሬን አይነካውም፣ ባላንስ ግማሽ ዙር ተዙሮ ተፈትኗል፣ ጎማ አቀያይሬ መሪው ላይ ቀርቷል።» ይህን የሰማ መካኒክ በቀጥታ ወደ ኩሽኔታና ወደ ቸርኬ መቀመጫው ይሄዳል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፤ ሦስት ዕቃ አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ይረከቡ።

ከዚያ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ሰው ማስታወሻ፣ በዚያው ፍጥነት ይንዱ። ጎማ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ብሎኖቹን በድጋሚ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ደርሰው መኪናውን ሲያቆሙ፣ ቸርኬው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከመመለስዎ በፊት ያድርጉት።